እጁን ያነሣው ሸማኔ

አንድ ዮስት የሚባል ሸማኔ ነበር። የኖረው ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአውሮፓ ምድር፣ በወንዝ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ባለ ቅጥር ከተማ ውስጥ ነው። የከተማዋ ሰው የሚተዳደረው በሱፍ ጨርቅ ነበር። ሽመናውን የሚመራው ደግሞ የሸማኔዎች ማኅበር ነው። የክሩን ውፍረት፣ የጨርቁን ስፋት፣ የገበያውን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ማን በራሱ ስም የሽመና ቤት መክፈት እንደሚችል የሚወስነውም እሱ ነበር። በከተማዋ አርባ የሽመና ቤቶች ነበሩ። አንዱ ባለቤት ሲሞት ወይም ሲያረጅ ከቅጥር ሸማኔዎች መካከል ተራ የደረሰው ይተካል። ተራው ያልደረሰው በሰው ቤት እየተቀጠረ ይጠብቃል። የራሱ የሽመና ቤት የሌለው ሸማኔ ሚስት ማግባትም አይፈቀድለትም ነበር፤ ልጅ ወልዶ የሚያበላው ቢያጣ ሸክሙ በከተማው ላይ ይወድቃል ተብሎ ነው።

ዮስት ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በሰው ቤት ሲሸምን ኖሮ አሁን ዕድሜው ሃያ ስድስት ደርሷል። ኤልስቤት የምትባል የሚወዳት ልጅ ነበረችው። ማኅበሩ በሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት ታገለግላለች። ከስድስት ዓመት በፊት ቃል ተገባብተዋል። ከዮስት ፊት የቀሩት ተረኞች ሦስት ብቻ ስለነበሩ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ እንጋባለን ብለው ያስቡ ነበር።

በዚያ ዓመት ስንዴው ገና ሳያሽት ውርጭ መታው። የዳቦ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆነ። ዳቦ የቸገረው ሰው አዲስ ልብስ አይገዛምና ጨርቁም ገበያ እየወጣ ይመለስ ጀመር። በብርዱ ወራት ከተማዋ በየቀኑ ሬሳ ታወጣ ነበር፤ ይበልጡም ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ የማኅበሩ አለቃ ኮንራድ ባለ ሽመና ቤቶቹን ሰበሰበና እንዲህ አለ፦

«ወንድሞቼ፣ ያለው ሥራ አርባ ቤት አይመግብም። ሠላሳ ቤት ግን ሊያኖር ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ባለቤቱ የሞተ ቤት ይዘጋ። ቁጥሩ ሠላሳ ከደረሰ በኋላም ከሠላሳ አይለፍ። የሟች ሚስት በዓመት ውስጥ ሌላ ሸማኔ ካገባች ብቻ ቤቱ ይቆይላት። ክፉው ጊዜ ሲያልፍ ወደ ነበረበት እንመልሰዋለን።»

ኮንራድ ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያው ወር ሁለት የልጅ ልጆቹን ቀብሯል።  የተሰበሰቡት ሁሉ እጃቸውን አነሡ።

በማግስቱ ኤልስቤት ወንዝ ወርዳ የመጠጥ ቤቱን ማሰሮዎች ስታጥብ ዮስት አገኛት። ውሳኔውን ቢራ እየቀዳች ሰምታዋለች።

«ሸማኔው ማርቲን ሞቷል» አለችው።

«ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።»

«ሚስቱ ኡርሱላ በዓመት ውስጥ ሸማኔ ካላገባች ቤቱ ይዘጋባታል። አግባት።»

ዮስት የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ከማሰሮው ላይ ቀና አላለችም።

«አምሳ አራት ዓመቷ ነው» አለች። «ደግሞ ያለማቋረጥ ታስላለች። ስንት ዓመት ትኖራለች? ሦስት? አራት? ከዚያ በኋላ ቤቱ ያንተ ነው። እኔ እጠብቅሃለሁ።»

«ኤልስቤት፣ የሰው ሞት ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነው?»

«እስከ ዛሬስ ምን ስንጠብቅ ነበር? ከእንግዲህ ተራ እንዲደርስህ አሥራ አራት ሰው መሞት አለበት። ይህች አንዲት ናት።»

ዮስት ሦስት ሳምንት ሲያስብ ከረመና ወደ ኡርሱላ ቤት ሄደ። ኡርሱላ ወፍራም፣ ፊቷ ቀላ ያለ፣ አነጋገሯ ቀጥተኛ የሆነ ሴት ነበረች። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ ሲያሽ አየችው።

«እሜቴ፣ እኔ የመጣሁት...»

«ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ፤ ግባና ቁጭ በል» አለችው። «መጠጥ ቤት የምትሠራውንም ልጅ አውቃታለሁ። ደህና ልጅ ናት። ስማኝ፤ እኔ ባል አልፈልግም፣ የነበረኝ ይበቃኛል። ግን ይህ ቤት ከተዘጋ የምገባው የድሆች መጠለያ ነው። እዚያ ገብቶ ብርዱን ያለፈ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ስለዚህ አንተ በኔ ቤት ታገኛለህ፣ እኔም ባንተ ቤቴን አላጣም።»

ዮስት አንገቱን ደፋ። ኡርሱላ ቀስ ብላ ጨመረች፦

«ብዙ ባላቆይህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጄ። ግን እሱ በእጄ አይደለም።»

ተጋቡ። በአንድ ጣራ ሥር እንደ እናትና ልጅ ኖሩ። እሱ «እርስዎ» ይላታል፤ እሷ «አንተ» ትለዋለች። ያ ሁሉ ሳል የኀዘንና የረኃብ ነበር መሰል፣ በጸደይ ጠፋ። ኡርሱላ ማርቲን ለማንም ያላሳየውን የሰማያዊ ቀለም አነካከር ለዮስት አስተማረችው። ጨርቁ ስም አወጣ። ሦስት ቅጥር ሸማኔዎች አስገባ። ቀን አብረው ይሠራሉ፣ ማዕድ አብረው ይቀርባሉ። ማታ ኡርሱላ ጓዳ ውስጥ፣ ዮስት ከመሸመኛው አጠገብ ይተኛሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ላይ ከኤልስቤት ጋር ይገናኛሉ። ያገባ ሰው ስለሆነ ቆመው ብዙ ማውራት አይችሉም። ኤልስቤት ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ትጀምራለች።

«ኡርሱላ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

መንገደኛ ቢሰማቸው የመልካም ጎረቤቶች ሰላምታ ይመስለዋል። ሁለቱ ግን ምን እየተጠያየቁ እንደሆነ ያውቃሉ። ሦስተኛው ዓመት አለፈ፣ አራተኛው አለፈ፣ አምስተኛው ደረሰ። «ደህና ናት» ባለ ቁጥር የኤልስቤት ፊት ጥቁር ይል ነበር። ዮስትም ደህና በመሆኗ ጥፋተኛ ይመስል መሬት መሬት ያይ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ኡርሱላን ኃይለኛ ትኩሳት ጣላት። መድኃኒት አዋቂዋ አየቻትና ለዮስት እንዲህ አለችው፦ «እሳቱ እንዳይጠፋ። ሾርባ በማንኪያ እየሰጠህ አቆያት። ቤቱ ከቀዘቀዘ ግን አትተርፍም።» ዮስት ሠራተኞቹን አሰናብቶ ሁለት ቀን ከአልጋዋ ሳይለይ አስታመማት። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እሳቱ እየከሰመ ሄደ። እንጨቱ ከግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ ከተቀመጠበት ሁለት እርምጃ አይርቅም። ዮስት ግን አልተነሣም። አመዱ ከላይ ሲነጣ፣ ፍሙ አንድ በአንድ ሲጨልም ቁጭ ብሎ አየ። ምንም መጥፎ ነገር አላደረገም፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ እሱም አያውቅም። ከዚያ ድንገት የቀሰቀሰው ሰው እንዳለ ሁሉ ዘሎ ተነሣና እንጨት ጨመረ፤ እሳቱ እስኪያያዝ ድረስ ተንበርክኮ በትንፋሹ እፍ አለው።

ኡርሱላ ዳነች። ተነሥታ መቀመጥ የቻለች ቀን ሾርባዋን ከእጁ ተቀበለችና እንዲህ አለችው፦

«ያን ቀን እሳቱ ሲከስም ነቅቼ ነበር።»

ዮስት ማንኪያውን ጣለው።

«ስትቀመጥ አየሁህ። ስትነሣም አየሁህ። እንግዲህ ሁለቱንም አውቃለሁ።»

«ይቅር በይኝ» አለና አለቀሰ። «ኡርሱላ፣ ይቅር በይኝ።»

በሰባት ዓመት ውስጥ «አንቺ» ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሷም እጇን ራሱ ላይ አደረገች። «ይህን ያህል ዓመት ሙሉ እንድሞት የሚጠበቅብኝ ሰው ሆኜ መኖር ለኔስ ቀላል ይመስልሃል?» አለችው። «ጠዋት ደህና ሆኜ በተነሣሁ ቁጥር ይቅርታ ልጠይቃችሁ ይቃጣኝ ነበር።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ዮስት ኤልስቤትን ገና ሲያገኛት ቀድሞ ተናገረ። «ከእንግዲህ እንዴት ናት ብለሽ አትጠይቂኝ። እየጠበቅሁ መኖር አልችልም። ትኑር። እስከ መቶ ዓመትም ትኑር። አንቺም ሌላ ሰው ከመጣልሽ አግቢ፤ አልቀየምሽም።»

ኤልስቤት ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። 

«እኔም ደክሞኛል» አለች። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ለሷ ጸለይሁ። እንድትድን ይሁን እንድትሞት የጸለይሁት ግን እስከ አሁን አላውቀውም። ሰው እንዲህ ይሆናል?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሲገናኙ ስለ አየሩና ስለ ገበያው ብቻ ያወሩ ነበር። ኤልስቤት ግን ሌላ ሰው አላገባች። የመጠጥ ቤቱ ሥራ ላይ እንደ ነበረች ቀረች።

ዓመታት አለፉ። ውርጩ ተረሳ። ስንዴው ጎተራ ሞላ፤ የዳቦ ዋጋ ወረደ፤ በጀልባ የሚመጡ ነጋዴዎች ጨርቁን ገና ከመሸመኛው ሳይወርድ በቀጠሮ ይገዙት ጀመር። አሥሩ ቤቶች ግን እንደ ተዘጉ ነበሩ። አለቃ ኮንራድ ሞቷል። «ወደ ነበረበት እንመልሰዋለን» ያለውን የሚያስታውስ ሰውም ጥቂት ነበር። ቅጥር ሸማኔዎቹ እየሸበቱ ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ከተማዋን ለቀቁ። በከተማዋ የሠርግ ደወል የሚሰማው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ሆነ፤ ሰውም ለመደው።

ዮስት ኡርሱላን ባገባ በአሥራ አራተኛው ዓመት ቅጥር ሸማኔዎቹ አቤቱታ አቀረቡ። ወክሏቸው የተናገረው ቶቢያስ ነው። ቶቢያስ በዮስት ቤት የሚሠራ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሆነው፣ እጁ የተባረከ ሸማኔ ነበር። አግነስ የምትባል ልብስ ሰፊ ስድስት ዓመት ሙሉ ትጠብቀዋለች። ወደ ሌላ ከተማ እንዳይሄዱ አግነስ የምትጦራት ዐይነ ስውር እናት አለቻት። ባለ ሽመና ቤቶቹ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ኤልስቤት ቢራ ትቀዳ ነበር።

ቶቢያስ ቆሞ «ጌቶቼ፣ ደንቡ የወጣው ለረኃብ ዘመን ነው» አለ። «ረኃቡ ካለፈ አሥር ዓመት ሆነው። ሥራው ከእጃችሁ ተርፎ እየተመለሰ ነው። አሥሩን ቤቶች ክፈቱልን። እኛም እንደ ሰው እንጋባ።»

በስብሰባው ላይ ከወንዙ በታች ካለችው ከተማ የመጣ አንድ ክር ነጋዴ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ አለቃ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«እኛንም ያው ውርጭ ነው የመታን» አለ ነጋዴው። «እንዲያውም እኛ ጋ የባሰ ነበር። ግን ቤት አልዘጋንም። ሁሉም ቤት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንዲሠራ ተስማማን። አራት ዓመት ሙሉ ቀጭን ሾርባ ጠጣን። ተጣልተናልም፤ ተደብቆ አራተኛ ቀን ሲሠራ የተያዘ ሁሉ ነበር። ቢሆንም ልጆቻችን ተጋቡ። በዚያ ክፉ ጊዜ የተወለዱት ዛሬ ከእናቶቻቸው ጎን ቁጭ ብለው ይፈትላሉ። እናንተ ጋ ስመጣ ግራ የሚገባኝ ነገር ቢኖር በየደጁ የሚጫወት ልጅ ማጣቴ ነው።»

 አለቃው «ሠላሳው እንዳለ ይቆይ የሚል እጁን ያንሣ» አለ። እጆች አንድ በአንድ ተነሡ። አሥራ አራት ሆኑና ቆሙ። ቀደም ብሎ «ይከፈት» ሲባል እጃቸውን ያነሡትም አሥራ አራት ነበሩ። ድምፅ ከማይሰጠው ከአለቃው በቀር የቀረው ዮስት ብቻ ነው። ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

ዮስት በዚያች ቅጽበት ያሰበውን በኋላ ራሱ ለኡርሱላ ነግሯታል። መጀመሪያ ያሰበው ቶቢያስ ከሄደ እንደሱ ያለ ሸማኔ እንደማያገኝ ነው። ሁለተኛ፣ አሥር ቤት ከተጨመረ ጨርቁ ይረክሳል ብሎ አሰበ። ከነዚህ ሁሉ በታች ግን ሌላ ሐሳብ ነበረ፤ ለሷም ያልተናገረው፦ «በሩ ዛሬ እንዲህ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ የኔ አሥራ አራት ዓመት ምን ሊባል ነው? የኤልስቤትስ? እኛ የከፈልነውን እነሱ ለምን አይከፍሉም?» እጁን አነሣ።

ቀና ሲል ኤልስቤት ማሰሮዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ዐይኗን ሳትነቅል አየችውና ወደ ጓዳ ገባች።

ቶቢያስ በማግስቱ እንደ ወትሮው ወደ ሥራው መጣ። ስድብም ወቀሳም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሥራ ጉዳይ ውጪ ለዮስት ቃል ተናግሮት አያውቅም።

ዮስት የሆነውን ሲነግራት ኡርሱላ ሱፍ እያበጠረች ነበር። ማበጠሪያውን ቁጭ አደረገች።

«ያ ደንብ ነው እኔን ለማላውቀው ሰው ሚስት ያደረገኝ። አንተን ከምትወዳት የለየህ ያ ደንብ ነው። እሱን አድኜ መጣሁ ነው የምትለኝ?»

«እኔ ባላነሣ ሌላው...»

«ሌላው የለም፤ አሥራ አራት ነበሩ አልክ። እኔ ብሆን አላነሣም ነበር። ምን ይሆናል፣ በማኅበራችሁ ሴት እጅ የላትም።»

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመከር ወራት፣ ኡርሱላ አንድ ጠዋት ሳትነሣ ቀረች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ዮስት ከልቡ አለቀሰ። ለቀብር የመጣው ሰው «መቼም ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው» እያለ ይንሾካሾክ ነበር። ዮስትም ሰማ፤ ክፉውን ሐሜት «ውሸት ነው» ለማለት ግን አንደበት አልነበረውም፤ አንድ ወቅት እውነት ነበርና።

የኀዘኑ ወራት ሲያበቃ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደ። ኤልስቤት ጠረጴዛ ትወለውል ነበር። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጠጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል።

«መጣሁ» አላት።

«አየሁህ» አለች። «ቁጭ በል።»

«ቤቱ የኔ ነው። የሚከለክለን የለም። ከፈቀድሽ እንጋባ።»

ኤልስቤት ጨርቁን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ኡርሱላን አልቀየምኋትም፤ አግባት ያልሁህ እኔ ነኝ» አለች። «ሰባት ዓመት ሞቷን ተመኘሁ፤ ያ የኔ ኃጢአት ነው፣ እኔው እሸከመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከሷ ጋር ስትኖር፣ ስታከብራት ሳይ ደግሞ ደስ አለኝ። ይህ ሰው ደህና ሰው ነው፣ ብጠብቀውም አላፍርም አልሁ። እንዲህ እያልሁ ሌላ ሰባት ዓመት ጠበቅሁህ። ከዚያ ያን ቀን እጅህን ስታነሣ አየሁህ።»

«ኤልስቤት...»

«አስጨርሰኝ። ውርጩ ወጣትነታችንን ወሰደው ብዬ ኖሬ ነበር። በውርጭ ላይ ቂም አይያዝም። ኮንራድም አዝኖ ያወጣው ደንብ ነው፤ የልጅ ልጆቹን ቀብሮ ነበርና ይቅር ብየዋለሁ። አንተ ግን ጠግበህ፣ ተመችቶህ፣ እያወቅህ ነው ያነሣኸው። ያችን አግነስን ባየኋት ቁጥር ራሴን ነው የማየው። ካንተ ጋር ማዕድ ስቀርብ ያቺ እጅ ነች ዳቦ የምትቆርስልኝ። አልችልም።»

ዮስት ብዙ ሊላት ፈልጎ ነበር። ግን ተነሥቶ ወጣ።

በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቤቶቹ እንዲከፈቱ ራሱ ዮስት ጠየቀ። ሳቁበት። አንዱ «አንተማ ቤትህን ይዘህ ጨረስህ፤ አሁን ጻድቅ መሆን አማረህ?» አለው። ከእጁ ጋር እጃቸውን ካነሡት አሥራ አራት ሰዎች መካከል ሦስቱ ሐሳባቸውን ቢቀይሩም፣ ያን ጊዜ «ይከፈት» ካሉት ደግሞ አምስቱ ሞተው፣ በቦታቸው የገቡት አዲሶቹ ያገኙትን ለማካፈል የማይፈልጉ ሆኑ። ያን ቀን በአንድ እጅ ሊከፈት ይችል የነበረውን ነገር አሁን ለመክፈት አምስት ዓመት ፈጀ። ዮስት በየቤቱ እየዞረ ለመነ፤ ከታችኛይቱ ከተማ ሰዎች አስመጥቶ አስመሰከረ። የገዛ ቤቱን ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን እየዘጋ ለሌሎች ለቀቀ። በአምስተኛው ዓመት ማኅበሩ አሥሩ ቤቶች እንዲከፈቱ ወሰነ።

በቀጣዩ ጸደይ በአንድ ቀን ሰባት ጥንዶች ተጋቡ። ለአሥር ቤት የተገኙት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ተረኞች ሞተዋል ወይም ተሰደዋል። ሠርገኛው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በአደባባዩ ላይ ማዕድ ቀረበ። ዮስት ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ለብቻው ተቀመጠ። ኤልስቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር ዳቦ እየቆረሰች ትሰጥ ነበር። አንዴ በአጠገቡ ስታልፍ ድርሻውን አስቀመጠችለት፤ ምንም አልተነጋገሩም።

ከሙሽሮቹ አንዷ አግነስ ነበረች። ቶቢያስ በሩቁ ቆሞ ሲያያት ወደ ዮስት መጣችና እጁን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ» አለችው። «እርስዎ ባይደክሙልን ይህን ቀን አናየውም ነበር።»

ዮስት እጁን ወደ ኋላ ሳበው።

«አታመስግኝኝ፣ ልጄ። ቶቢያስ አልነገረሽም? የዛሬ ስምንት ዓመት ቤቶቹ የሚከፈቱት በኔ አንድ እጅ ነበር። የዘጋሁባችሁ እኔ ነኝ።»

አግነስ ቀና አለች። ቶቢያስ የሰርክ ኑሯቸው እንዳይመረር ብሎ ይህን ሁሉ ዓመት ደብቋት ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። በልቧ ዓመት ስትቆጥር ይታይ ነበር።

«የዛሬ ስምንት ዓመት» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ፣ «ሠላሳ ዓመቴ ነበር።»

 ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ባሏ ተመለሰች። ቶቢያስና አግነስ በሰላም አብረው ኖሩ፤ ልጅ ግን አልወለዱም።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሆይ፣ ውርጩን የላከ ሰው አልነበረም። ያው አንድ ውርጭ በሁለት ከተሞች ላይ ወርዷል። አንደኛይቱ ከተማ ጉድለቱን ከየሰዉ ሳሕን ላይ ቀነሰችው፤ ሁለተኛይቱ ገና ካልተወለዱት ላይ ቀነሰችው። ልዩነቱን ያመጣው ደንብ ነው፤ ደንቡንም ያወጡት የፈሩና ያዘኑ፣ ግን ቅን የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ያሳዝናል እንጂ አይፈረድባቸውም። የሚፈረደው ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ክፉ ጊዜ መጥቶ በራሱ ይሄዳል፤ ለክፉ ጊዜ የወጣ ደንብ ግን የሚሽረው ሰው እስኪነሣ ድረስ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ እንዳይሻር የሚጠብቁትም በደንቡ የተጎዱት ናቸው፤ እኛ የከፈልነውን ሌላውም ይክፈል እያሉ። ዮስት ጥፋቱን አውቆ ለማረም አምስት ዓመት ደክሟል፤ ተሳክቶለታልም። ስምንቱን ዓመት ግን ለአግነስ ሊመልስላት አልቻለም።

እስቲ እኛም እናስብ፤ ተንገላተን ገብተንበት፣ ዛሬ ግን ከውስጥ ሆነን ይዘን የቆምነው በር የትኛው ነው? በበሩ ማዶስ ማን ዕድሜውን ሙሉ እየጠበቀ ነው?